ያልታረደው ሥጋ
(ስለ ትራውት ዓሣ፣ ስለ ወንዙና ስለ ምድጃው አጭር ታሪክ)

፩

ዋሂል ተወልዶ ስለ ዓሣ ልጻፍ የሚል ሰው ሲነሣ «አንተ ደግሞ ዓሣ የት ታውቅና?» መባሉ አይቀርም። እውነት ነው። ዋሂል ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። አገሩ የማሽላ፣ የጫትና የፍየል አገር ነው። ውኃ የሚታየው ከሰማይ ሲወርድ ወይም በጄሪካን ተሸክመውት ሲመጡ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ እንኳ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ የመጣ ጊዜ ደግሞ ይዞ የሚመጣው ዓሣ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ስንቱን ሰው ከነቤቱ እንደወሰደ ድሬዎች አይረሱትም።

ስለዚህ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ የማውቀው ዓሣ አንድ ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮ ውስጥ የሚኖረው። ሰርዲን። አኮ (በአማርኛ አያቴ ማለት ነው) ቀፊራ ገበያ ውላ ስትመለስ አንዳንዴ አንድ ቆርቆሮ ትገዛልን ነበር። እሷ ግን አትቀምሰውም። «ራስ የሌለው ነገር አልበላም፤ ምን እንደነበረ በምን ይታወቃል?» ትላለች። እኛ ልጆቹ እንስቅባት ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን አኮ የጠየቀችው ጥሩ የታሪክ ጥያቄ ነው። የምንበላው ነገር ምን ነበረ? ከየት መጣ? ማን አመጣው? ለማን ብሎ?

ይህን ጥያቄ ወደ እኔ የመለሰብኝ ባሌ ሮቤ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ የሄድኩት እዚያ ነበር። ለድሬ ልጅ የሮቤ ብርድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው! መኝታ ክፍል አብሮኝ የደረሰው ልጅ የጣና ዳር ሰው ነው፤ ክርስቲያን። እኔ እስላም። ብርድ ልብስ ተጋርተናል፣ ደብተር ተዋውሰናል፣ ሳንቲም ተበዳድረናል፣ ባንድ ትሪ ሽሮ በልተናል። ሥጋ ግን አብረን በልተን አናውቅም። በፋሲካ እሱ ለብቻው፣ በአረፋ እኔ ለብቻዬ። ተጣልተን አይደለም፤ ሳንነጋገርበት የምናከብረው ነገር ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ያራጁ እጅና ሲታረድ የተጠራው ቃል ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችን በሁለት ገበታ ያስቀምጣል።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሻያ ወንዝ አቅጣጫ ወጣ ብለን ስንንሸራሸር እረኛ ልጆች በሣር የተሰኩ አራት ዓሦች አንጠልጥለው «ግዙን» አሉን። እያንዳንዳቸው ስንዝር ተኩል ቢሆኑ ነው። ጀርባቸው ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ጎናቸው ላይ ሮዝ መስመር የተሰመረበት፣ ሲያዩአቸው የሚያምሩ ናቸው። «ስሙ ምንድን ነው?» ብንላቸው «ቁርጡሚ» አሉ። ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው፤ ማንኛውም ዓሣ። ጓደኛዬ አገላብጦ አየና «ይሄ ቀረሶም አይደል፣ ቢልጫም አይደል፣ አምባዛማ በጭራሽ» አለ። እንግዲህ ጣና ዳር ያደገ ልጅ የማያውቀው፣ የባሌ እረኛ የተለየ ስም ያላወጣለት ዓሣ ከየት መጣ?

ዓሣው ትራውት ነበር።

፪

ወደ ትራውት ከመሄዴ በፊት ስለ እኛና ስለ ዓሣ በጠቅላላው ጥቂት ልበል።

አማርኛችን ስለ ዓሣ የሚናገረውን ልብ ብላችሁታል? «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል»፤ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ»፤ «ዓሣ መብላት በብልሃት»። ሦስት ምሳሌ፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ! አንዱ አትፈልጉት ይላል፤ ሁለተኛው ይሸታል ይላል፤ ሦስተኛው እንዳያንቃችሁ ይላል። ስለ ማርና ስለ ቅቤ እንዲህ ሲባል አልሰማሁም። ምሳሌዎቹን የፈጠረው ደገኛው ገበሬ ነው። ደገኛው የሚኖረው ከላይ ነው፤ ታላላቅ ወንዞቹ በገደል ሥር ይሄዳሉ። ወደ ታች መውረድ ለሱ ወባ ነው። ዓሣ ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል። በእግርና በአህያ በሚጓዝ አገር የውኃ ዳር ሰው ምግብ ከውኃ ዳር አያልፍም ነበር።

የውኃ ዳር ሰውማ ያውቀዋል። የባሮ ዳር አኙዋኮችና ኑዌሮች፣ የኦሞ ዳር ዳሰነቾች፣ የጫሞና የዝዋይ አጥማጆች ከዓሣ ጋር የኖሩ ናቸው። ጣና ላይ ደግሞ ወይጦዎች አሉ፤ የደንገል ታንኳ ሠሪዎች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ድሮ ጉማሬ አዳኞች። ጣና ለዓለም ሳይንስ ትልቅ ስም ያለው ሐይቅ ነው፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የቢልጫ ዓይነቶች እዚያ አሉ። ያን ሀብት በእጁ ያወቀው ወይጦ ግን ምን አገኘ? ጉማሬ ይበላል ተብሎ ክርስቲያኑም አራቀው፤ እስላም ነኝ ሲል እስላሙም ሙሉ ለሙሉ አልተቀበለውም። ባለሙያውን ንቀን ሙያው እንዳያድግ አደረግን። ይህን ያደረገ ባዕድ የለም፤ እኛው ነን።

በገበታችን ላይ የቆሙት ሕጎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የኦሪት ሕግ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም። ቅርፊት የሌለውን አምባዛን ብዙ ክርስቲያን የማይነካው በዚህ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ዛሬም አልተቋጨም። ገበያው ግን ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል፤ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይወደዳል።) ሁለተኛው የእስልምና ሕግ ነው። በእስልምና ከብትና ዶሮ ቢስሚላህ ተብሎ ካልታረደ ሐራም ነው፤ ዓሣ ግን መታረድ አያስፈልገውም። በእኛ በሐረርጌ የጸናው የሻፊዒ መዝሀብም የባሕሩን ፍጥረት በሰፊው ይፈቅዳል።

እነዚህን ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው እስቲ። ቅርፊት ያለው ዓሣ በሁለቱም በኩል ያልፋል። አራጅ የለውም፤ አራጅ ስለሌለው የእነእከሌ ሥጋ አይባልም። በዚህ አገር ክርስቲያንና እስላም ሳይሳቀቁ ባንድ ትሪ የሚበሉት ሥጋ ቢኖር ይህ ነው። ይህን ያህል ዕድል ያለው ምግብ ከገበታችን ዳር መቅረቱ አያስቆጭም?

፫

አሁን ወደ ትራውት። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። ውኃው ንጹሕና ፈጣን፣ አየር የጠገበ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል። እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር መካከል ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ሊኖር አይችልም፤ ዝዋይም ቢሆን ይሞቀዋል። ባሌ ተራራ ላይ ግን ከሰነቴ አምባ ግርጌ የሚወርዱት ወንዞች እንደ በረዶ የቀዘቀዙ ናቸው፤ ወይብ፣ ዳንካ፣ ሻያ።

የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። እዚህ የሚነሡት ሁለት ዓይነት ትራውት ናቸው። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ ተወላጅ ነው። ጎኑ ሮዝ መስመር ያለው «የቀስተ ደመና» ትራውት ደግሞ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚፈሱት የሰሜን አሜሪካ ወንዞች ልጅ ነው። እንግሊዞች ኬንያን በያዙ ጊዜ መሬቱን ብቻ አልወሰዱም፤ መዝናኛቸውንም ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ኢዋርት ግሮጋን የተባለው ሰፋሪ የቡናማ ትራውት ዘር ከስኮትላንዱ ሎክ ሌቨን ሐይቅ አስመጥቶ በአበርዴር ተራሮች ወንዝ ጣለ። የቀስተ ደመናውም ተከተለ። ዓላማው የኪኩዩን ገበሬ ለማብላት አልነበረም። ነጩ ሰፋሪ ቅዳሜና እሑድ ቀጭን ዘንጉን ይዞ ወንዝ ዳር ቆሞ አገሩን እንዲያስታውስ ነበር።

ከኬንያ ወደ ባሌ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። «ፓርክ»፣ «ቱሪስት»፣ «የዱር አራዊት ጥበቃ» የሚሉት ቃላት በመንግሥት ቢሮ መለመድ የጀመሩበት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘኑን አጥንቶ የባሌ ተራሮች እንዲጠበቁ መክሯል። ጫጩቶቹ ዓሦች ቀዝቃዛውን ወንዝ ወደዱት። ተዋለዱ፤ ሰው ሳይረዳቸው እስከ ዛሬ አሉ። ዲንሾ ላይ ፈቃድ እየከፈለ ትራውት የሚያጠምድ የውጭ አገር እንግዳም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ዓሦቹ ባሌ የገቡበት ጊዜ ምን ጊዜ ነበር? ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌ በአመፅ ላይ ነበር። በእነ ዋቆ ጉቱ የተመራው የገበሬና የአርብቶ አደር አመፅ ነው። መሬቱ እየተቀላደ ለሌላ ተሰጠ፤ ግብሩ ከበደ፤ ግጦሹ ጠበበ። ገበሬው መሬቴን ሲል ወንዙ ውስጥ ዓሣ ተለቀቀለት፤ ያውም ለሱ ያልተባለ ዓሣ! ዓሣውን የለቀቀው ሰው ክፋት አስቦ ነው አልልም። ቸርም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር ለማን ተብሎ እንደገባ ስሙ ይነግራል። ባሌዎች ለትራውት የራሳቸውን ስም አላወጡለትም። ስም የሚወጣው እኮ ለሚበላ ወይም ለሚፈራ ነገር ነው፤ ትራውት ሁለቱንም አልሆነላቸውም።

ወንዙም ዋጋ ከፍሏል። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ትሉንም፣ የውኃ ነፍሳቱንም፣ ትንንሽ እንቁራሪቱንም አይምርም። የባሌ ተራሮች ደግሞ ሌላ ቦታ የሌሉ እንቁራሪቶች መኖሪያ ናቸው። ተራሮቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ የተደነቀው እንዲህ ያለው ብርቅ ሕይወት ነው። ስለዚህ «ትራውትን በየወንዙ እንልቀቅ» የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልደግፈውም። ካለበት ወንዝ ግን አጥምዶ መብላት ለእንቁራሪቱም ለሰውም ይበጃል።

፬

«ከውጭ የገባ ዓሣ ሁሉ እንዲህ ነው» እንዳይባል ሌላ ምሳሌ ላምጣ። ወሎ ውስጥ ሐይቅ አለ፤ በእስጢፋኖስ ገዳም የታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቀረሶ ተለቀቀበት። ወሎ ያኔ የ1966 ዓ.ም. ድርቅ እንባ ያልደረቀባት አገር ነበረች። ቀረሶው ረባ። የአካባቢው ሰው መረብ መጣል ተማረ፤ ሴቶቹ መቁረጥና መጥበስ ተማሩ፤ በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ቆሞ በላ። ዛሬ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ትራውትም ቀረሶም በሰው እጅ የተለቀቁ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንደኛው ለዘንግ ተለቀቀ፤ ሁለተኛው ለድስት። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የዓሣ ምርትና ገበያ ኮርፖሬሽንም ቢሆን ዓሣን ወደ አዲስ አበባ ሱቅ ሲያመጣ ወደ ከተሜው ማጀት እንዲገባ ረድቷል። ያስለመዱት ግን ሁልጊዜ ጥቂት ዓይነት ናቸው፤ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ኮተሌት። ያም ሆኖ በዚያ መንገድ ዓሣ የከተማ ሰው ምግብ ሆነ።

ወደ እኔም አገር ስመጣ ታሪኩ ይገለበጣል። ለዋሂል ሰው በቅርብ ያለው የዓሣ ውኃ የሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥቶ። የእርሻ ኮሌጁ አጠገቡ ነበር። ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውኃ ከሱ ይሳብ ነበር። ጫትና አትክልት በሞተር ጠጣው፤ ከተራቆተው ተራራ የወረደ ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት ሣር የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ የሚያስደስት ነው። ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም። ባሌ ላይ ዓሣ አስገብተው ሰውን ረሱ። ሐረማያ ላይ እኛ ውኃውን ቀድተን ዓሣውን ረሳን።

፭

ከታሪኩ ወደ ምድጃው። አራቱን ዓሣ ገዛን። ሮቤ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የክፍላችን ልጅ ነበርና ወደ እሱ ሄድን። አከራዩዋ ሴትዮ ከበር ላይ አይተውን «በቤቴማ እባብ አይጠበስም!» አሉ። «እትዬ፣ ዓሣ ነው» ብንላቸው «ለእኔ አንድ ነው» አሉ። ቢሆንም የከሰል ምድጃቸውንና የብረት መጥበሻቸውን አልከለከሉንም።

ባለሙያው ጓደኛዬ ነበር። እኔ አይ ነበር፤ እጄንም አስገባሁ። የተማርኩትን እንደወረደ እጽፈዋለሁ፤ ካልተጻፈ ይረሳልና።

መጀመሪያ ዓሣው ትኩስ መሆኑ ይታያል። ዓይኑ ጎላ ያለና የጠራ፣ ከጆሮው ሥር ያለው ስንጥብ ደም የመሰለ፣ ገላው በጣት ሲጫን የሚመለስ መሆን አለበት። ሽታው የወንዝ ሽታ ነው። «ዓሣ ዓሣ» የሚሸት ዓሣ ያረጀ ነው።

ጓደኛዬ ቢላ ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። የትራውት ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ቅርፊት ያለው አይመስልም። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አየሁ። ጥፍሩን ከጅራት ወደ ራስ ጎተተው። ሰሊጥ የምታክል፣ ከሰሊጥም የምታንስ፣ የምታብረቀርቅ ነገር ጥፍሩ ላይ ተለጠፈች። ወደ ብርሃን ይዞ አያት። «አለው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሺህ ዓመት ሕግ በጥፍር ጫፍ ሲመረመር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቢላው ከሆዱ በታች ካለው ቀዳዳ ተነሥቶ ሆዱን እስከ አገጩ ይሰነጥቃል፤ ጫፉ በጥልቀት አይገባም፤ ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ይመራል። አንጀቱ በእጅ ተይዞ ባንዴ ይወጣል። ስንጥቡም ይነቀላል። ከጀርባ አጥንቱ ጋር ተጣብቆ የቀረ ጥቁር ደም አለ፤ እሱን በአውራ ጣት ጥፍር እየፋቁ ማጠብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይተወዋል፤ በኋላ «ዓሣ መረረኝ» ይላል። ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልገውም፤ ቆዳው ይበላል። ራሱም አይቆረጥም።

በደንብ በጨርቅ ይደረቃል። እርጥብ ዓሣ ዘይት ያንጣጣል፤ መጥበሻም ላይ ይጣበቃል። ውስጡም ውጪውም ጨው ይነካዋል። ሆዱ ውስጥ የተከተከተ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይገባል። ሎሚ እንደ ሌላው ዓሣ አስቀድሞ አይፈስበትም፤ የትራውት ሥጋ ስስ ነው፣ ሎሚ ቆይቶበት ከሆነ እሳት ሳይነካው ነጥቶ ይደርቃል። ሎሚው ለገበታ ነው። ከዚያ ስስ አድርጎ በገብስ ዱቄት መንካት። ባሌ የገብስ አገር ነው፤ የስንዴም ቢሆን ይሆናል።

ዘይቱ መሞቅ አለበት፤ ቁንጥር ዱቄት ሲጥሉበት ቶሎ ካልጮኸ አልደረሰም። ዓሣው ከገባ በኋላ አይነካም። እዚህ ላይ ነው ወንድ ልጅ የሚሳሳተው፤ ያገላብጣል! አራት ደቂቃ ባንድ ጎን፣ አራት ደቂቃ ባንድ ጎን፤ መገልበጡ አንዴ ብቻ። ዓይኑ እንደ ዕንቁ ሲነጣና ጀርባው አጠገብ ሥጋው በማንኪያ ጫፍ ሲላቀቅ በስሏል። ሲበላ ከጀርባው መስመር ይጀመራል። የላይኛው ሥጋ ከተነሣ በኋላ ጅራቱን ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ሙሉውን ይነሣል። «ዓሣ መብላት በብልሃት» ያሉን አባቶች ብልሃቷን አልነገሩንም እንጂ ይህችው ናት።

ሥጋው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነበር። በሚጥሚጣና በሎሚ በላነው። ጣዕሙን ለማስረዳት ይከብደኛል፤ ዶሮ አይደለም፣ በግ አይደለም። ንጹሕ ነው። የቀዘቀዘ ወንዝ ቢበላ እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ባንድ ትሪ ነው የበላነው። ከሱ ጋር ሥጋ ባንድ ትሪ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። ማንም ስለዚህ አልተናገረም። አጥንቱን ለቅመን ከጨረስን በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ ያ ዝምታ ምን እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። «ሽታውስ ደኅና ነው» አሉ። ከጅራቱ በኩል ቁራጭ ሰጠናቸው። አኝከው አኝከው «ለምን በበርበሬ አትሠሩትም?» አሉን። በሁለተኛው ሳምንት ሽንኩርቱን ራሳቸው አቁላልተው፣ በርበሬውን ራሳቸው ጨምረው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ዓሣውን አስገብተው ለጥቂት ደቂቃ አንተክትከው ሠሩልን። ከኛ ጥብስ በለጠ! የሰፋሪዎቹ ዓሣ ሰሜን አሜሪካ፣ ኬንያ፣ ባሌ ብሎ ያን ቀን እትዬ ድስት ውስጥ አገሩን አገኘ ብል አላጋነንኩም። ዓሣ ወንዝ ውስጥ በመጣሉ ያገር ምግብ አይሆንም። የሚሆነው አንዲት ሴት «ለምን በበርበሬ አትሠሩትም?» ያለች ቀን ነው።

፮

ለዕረፍት ዋሂል ገባሁ። ማታ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ለአኮ ነገርኳት። ከራሱ ጋር እንደጠበስነው፣ ምን እንደነበረ በደንብ እንደሚታወቅ፣ ከየት አገር እንደመጣም። ስታዳምጥ ቆይታ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ማን አረደው?»

«ማንም አላረደውም፤ አይታረድም እኮ አኮ።»

«ያ የጎጃሙ ልጅስ በላ?»

«በላ።»

«ካንተ ጋር?»

«ባንድ ትሪ።»

ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም «እንግዲያው ሲመጣ ምን አቀርብለታለሁ እያልኩ ነበር፤ ፍየል ማረድ አልችልም፤ ያንን ይዛችሁ ኑ» አለችኝ። ከባሌ ዋሂል ትኩስ ትራውት በአውቶቡስ እንደማይደርስ ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ምክንያቱም የጠየቀችኝ ስለ ዓሣ አልነበረም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዓሣ ሀብት የሚጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ቶኑ፣ ስለ ሐይቁ ስፋት፣ ስለ ዘሩ ዓይነት። ይጻፍ። እኔ ግን ከዋሂል የመጣሁ፣ ውኃ የሌለበት አገር ልጅ፣ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ወደ ወንዝም ወደ ሐይቅም አዲስ ነገር ከመልቀቃችን በፊት ማጀት እንግባና እንጠይቅ፤ ማን ያበስለዋል? ማንስ ከማን ጋር ይበላዋል? ለባሌው ትራውት ይህን የጠየቀ ቢኖር ኖሮ እረኞቹ ዛሬ ስሙን በነገሩን ነበር።